አነፍናፊውና እታለም

ሰኞ ማታ

ዝናቡ ገብቷል። የቢሯችን ጣሪያ ልክ ከእኔ ጠረጴዛ በላይ ያፈሳል። ባልዲ አስቀምጠንለታል፤ እሱ ጠብ ጠብ ሲል እኔ ኪቦርዴን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ፣ ተስማምተን እንኖራለን። ዛሬ ደግሞ ደስ ብሎኛል። አነፍናፊ ገበያ አገኘ።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ግን ሳስረዳ ለራሴም ይገባኛልና ላስረዳ። አነፍናፊ እኔና አለቃዬ ለዓመታት ስንገነባው የኖርነው የፕሮግራም ላይብረሪ ነው፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚላላኩት ነገር ተቆራርጦ፣ ትንንሽ እሽግ ሆኖ ነው በገመድ ላይ የሚሄደው፤ ፓኬት እንለዋለን። አነፍናፊ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ፓኬት ያሸታል። እስከ ዛሬ ሲጠየቅ የሚናገረው ግን መጠኑንና ያለፈበትን ሰዓት ብቻ ነበር። ከማን ወደ ማን እንደሄደ አፉን ቢፈለቅቁት አይናገርም። አሁን አንድ ሆስፒታል እሱኑ ፈለገ፤ የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ አድራሻ። ከሰዓት በኋላ ኔትወርካቸው ይንቀራፈፋል። የራጅ ፎቶው ሐኪሙ ጠረጴዛ እስኪደርስ በሽተኛው በእግሩ አዝግሞ ይቀድመዋል። መስመሩን የሚያጨናንቀው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ሥራውን ያመጣችልን ዋርሳዬ ናት፣ የባሌ ታላቅ እህት። እታለም እላታለሁ፤ ከእሷና ከአማቴ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው። የሆስፒታሉን የራጅ ማህደር የምትይዘው እሷ ናት፣ ፎቶ ሁሉ በእሷ ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያልፈው። መንቀራፈፉን ቀድማ የጮኸችውም እሷ፤ «የወንድሜ ሚስት እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለች» ብላ ለኃላፊዋ የነገረችውም እሷ። ኃላፊው አለቃዬን «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «ይደርሳል» አላቸው። ለሁሉም ነገር መልሱ እሱ ስለሆነ በቢሮ ስሙ ራሱ ይደርሳል ነው። የማደርሰው ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት

የላኪው አድራሻ ሠራ! አድራሻ ማለት በነጥብ የተነጣጠለ አራት ቁጥር ነው። ፓኬቱ ላይ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ተጽፎ ይመጣል፣ የእኛ ማሽን ደግሞ ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ያነበዋል። ስለዚህ መገልበጥ አለበት። ገለበጥኩት፣ አማረ። የተቀባዩ መስመር ከሥሩ አለ፤ ትናንት አብሬ ጽፌዋለሁ፣ ያው ነው። ይደርሳል ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ልሂድ።

ማክሰኞ ማታ

ከምሳ መልስ ሞከርኩት። ከእኔ ኮምፒውተር ወደ መሞከሪያው ማሽን ላክሁ። ላኪ፣ ልክ። ተቀባይ 10.7.7.10፣ ልክ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ልክ። ይደርሳል «አንቺ ልጅ እጅሽ ይባረክ» አለ፤ እኔም የተባረከ ነው ብዬ አመንኩ።

ቤት ስገባ አማቴ ከጋዝ ሻጩ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃሉ። አማቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ። ቁጥር ከተነገራቸው ለባለቤቱ መልሰው አንድ በአንድ ሳይደግሙ ሞተው አይገኙም። ሰውዬው «እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ» ይላል። «አንተ ነገርከኝ፣ እኔ ግን ገና አልነገርኩህም» ይላሉ እሳቸው። ባሌ በሳቅ ሞተ።

ራት ላይ ስለ አነፍናፊ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሰው የሚያወራውን ልታዳምጪ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ እማዬ፣ ምን እንዳወሩ አይሰማም። ማን ወደ ማን እንደላከ ብቻ ነው።»

«እሱስ መች አነሰ? መንደር የሚታመሰው በእሱ አይደል» አሉ። እታለም ሳቀች። ከራት በኋላ እኔ ያጠፍኩትን ፎጣ ሁሉ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ሁሌ እንዲህ ናት፤ አትናገርም፣ ብቻ መልሳ ታጥፋለች። አልከፋኝም። ፎጣ ነው።

ዓርብ

ሆስፒታል ተከልነው። ኃላፊው ረጅም ነገር ማንበብ አይወዱም፤ «በቀን አንድ መስመር ይበቃኛል። ከሁሉ በላይ የላከው ማን ነው፣ ለማን ነው፣ አለቀ» አሉ። እኔም በቀን አንድ መስመር ብቻ እንዲያወጣ አደረግኩት። እታለም በነጭ ጋውኗ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አስተዋወቀችኝ። «ይቺ ናት እንግዲህ» ትላለች። ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ደግሞ ክንፍ አወጣሁ።

ረቡዕ፣ ቢሮ

ከሰኞ ጀምሮ የዕለቱ መስመር አንድ ነው። ላኪ 10.20.30.8። ተቀባይ 5.40.20.10።

የሆስፒታሉ ማሽኖች አድራሻ በሙሉ በአሥር ይጀምራል። በአምስት የሚጀምር የላቸውም። እንግዲህ ውጭ ነው ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቦታ።

ላኪዋን ግን አውቃታለሁ። 10.20.30.8 የእታለም ኮምፒውተር ነው።

ይደርሳል በሩን ዘጋ። «ሪፖርቱ ለኃላፊው ደርሷል። ደንግጠዋል፣ የበሽተኛ ፎቶ ነው እኮ። ነገ ያነጋግሯታል። አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ቤትሽም ቢሆን።»

ረቡዕ ማታ

ራት አብረን በላን። እታለም ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፣ «ምነው ዛሬ አፍሽ ተለጎመ?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ። እውነትም አሞኛል።

ኮዱን ልከልሰው ነበር፤ ደግሞ ምን ይከለሳል? ሞክሬዋለሁ፣ ሁለቴ። ልክ ነው።

ወትሮ ልብ ያላልኩት ነገር ዛሬ ይታየኝ ጀመር። እታለም ስልክ ሲደወልላት በረንዳ ወጥታ ነው የምታወራው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ቀድሞ እንዲህ አታደርግም ነበር። እኔ አልከሰስኳትም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ሰው ግን አብሮ እየበላ እየጠጣም አይተዋወቅም ይባል የለ?

ሐሙስ

ከሥራ አገዷት። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤት ተቀመጪ ብለዋታል። ጋውኗን በፌስታል ይዛ ገባች፤ ሆስፒታል ትታው መምጣት አልፈለገችም።

ባሌ መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው፤ ሲናደድ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን የያዘ ይመስለዋል። ማታ ወለሉን ሲረግጥ አመሸ። በመጨረሻ «ያንቺ ፕሮግራም ነው እንዴ ያጋለጣት?» አለኝ።

«ፕሮግራሙ ያየውን አድራሻ ነው የተናገረው። እኔ ምን ብዬ?»

«እህቴን አውቃታለሁ።»

«እኔም አድራሻ አውቃለሁ» አልኩት። ምነው ባልተናገርኩት ኖሮ። ዞሮ ተኛ፣ እግሩ ግን አልተኛም።

ቅዳሜ

ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወደ ማድ ቤት ስሄድ አማቴና እታለም ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ መሆኔ አይደለም፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። አድርገሽዋል?»

እታለም ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ «አላውቅም እማዬ» አለች።

አላውቅም! ያላደረገ ሰው አላደረግኩም ይላል እንጂ አላውቅም ይላል? ብርጭቆዬን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። ልቤ ቢያዝንም፣ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ፕሮግራሙ ልክ ነው ማለት ነዋ።

ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስታጸዳ ዋለች። የእኔን ቁምሳጥን እንኳ አልቀራትም። ሸሚዞቼን በቀለም በቀለማቸው ደርድራልኛለች። ከዚህ ሁሉ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ዝናብ። አራታችንም ቤት ነን፣ ቤቱ ግን ባዶ ይመስላል። አማቴ «ተቀባዩ ማን ነው ግን?» ብለው ጠየቁኝ። አይታወቅም አልኳቸው። «ደውለሽ አልጠየቅሽውም?» አሉ። ማሽን ነው እማዬ፣ አይደወልለትም አልኩ። «እንግዲህ» አሉና ሹራባቸውን ቀጠሉ።

ባሌን ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ፤ ስኳሩን ግን ረሳው፣ ወይም ረሳሁ አለ።

ማክሰኞ፣ ቢሮ

ባልዲው አልቻለም። ሌሊት ጣሪያው ተቀድዶ ጠረጴዛዬ ኩሬ ሆኖ አደረ። ወደ ማዶው ክፍል ተዛወርኩ። መሞከሪያው ማሽን አብሮኝ መጣ፣ እዚያ አዲስ አድራሻ ተሰጠው፣ 10.7.7.12።

ገመዱን በደንብ መሰካቴን ለማየት ብቻ ሞከርኩት።

ተቀባይ 12.7.7.10 ይላል።

ማሽኑን ሰደብኩት። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። 12.7.7.10።

የድሮው 10.7.7.10 ነበር። ከፊት ቢያነቡት 10.7.7.10። ከኋላ ቢያነቡትም 10.7.7.10።

5.40.20.10።

ወይ ጉዴ።

ማክሰኞ ማታ

አፍሬያለሁ፤ ግን ደስም ብሎኛል። በተራ ልጻፈው።

የላኪውን አድራሻ የገለበጥኩ ዕለት ከሥሩ ያለውን የተቀባዩን መስመር አልነካሁትም። ያው ነው ብዬ፣ ለምሳ ተቻኩዬ። ስሞክረው ደግሞ መሞከሪያዬ ከሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት የሚነበብ አድራሻ ስለነበረው ስህተቴን ልክ ነው ብሎ አሳለፈልኝ። 5.40.20.10 ሲገለበጥ 10.20.40.5 ነው። በአሥር ይጀምራል። ውጭ የሚባል ነገር የለም፤ የሆስፒታሉ የራሱ ማሽን ነው።

ለይደርሳል ስነግረው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ብዙ አሰበና «እናስተካክለውና አዲሱን እንላክላቸው» አለ።

«ምን ብለን?»

«አሻሽለነዋል ብለን። ውሸት አይደለም።»

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቧ ለአፍታ ጣፈጠችኝ። ስሜም አይነሳ፣ ሥራውም አይቋረጥ። «እታለምስ?» አልኩት።

«አድራሻው ሲስተካከል ኃላፊው ራሳቸው ይገባቸዋል። ቀስ ብለው ይመልሷታል። ይደርሳል።»

«አሁን ነው የሚደርሰው» አልኩና ጃንጥላዬን አነሳሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሲሮጥ ሰማሁት። ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር።

ኃላፊው ቆመው አዳመጡን። ስህተቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ብቻ ነው አልኳቸው። አልገባቸውም። ምድር ቤት ይዣቸው ወረድኩ፣ የሁሉም ፎቶ ቅጂ የሚቀመጥበት ትልቁ ማሽን ጋ። ግንባሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ 10.20.40.5። ጣቴን ከቀኝ ወደ ግራ እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። አምስት። አርባ። ሃያ። አሥር።

«ፎቶዎቹ እንግዲህ ከግቢ አልወጡም?» አሉ።

«ከዚህ ምድር ቤትም አልወጡም።»

የመንቀራፈፉም ነገር እዚያው ተገኘ። ማሽኑ ቅጂውን መቀበል የነበረበት ሌሊት ነው። የተከሉት ሰዎች ሰዓቱን ሲሞሉ ቀን አድርገውታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙም ፎቶ ይፈልጋል፣ ቅጂውም ይላካል፣ መስመሩ ይታነቃል። እታለም የጮኸችው እውነቷን ነበር። መስመሩን ያጨናነቀው ማሽኗ ነው፣ እሷ ግን ምንም አልነካችም።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ አይደል? አንቺ ትነግሪያታለሽ» አሉ።

«እነግራታለሁ። እርስዎም ግን ይደውሉላት። ያስወጧት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። እሺ አሉ።

ቤት ስደርስ እታለም አልጋ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳት፣ ከምሳው ጀምሬ እስከ ምድር ቤቱ፣ ምንም ሳላስቀር። ስጨርስ ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ስንት ቀን ሙሉ የነካሁትን ቁልፍ ሁሉ ሳስታውስ ነበር። የቱ ጋ ተሳስቼ ላክሁት እያልኩ። ቤቱንም የማጸዳው እጄ ሥራ ከያዘ ትዝ ይለኛል ብዬ ነው።»

«ለምን አላደረግኩም አላልሽም?»

«አንቺ የሠራሽው ነዋ» አለች፣ ቀላል ነገር እንደጠየቅኳት። «እሷ ከሠራችው አይሳሳትም ብዬ ለኃላፊው የማልኩላቸው እኔ ነኝ። እንግዲህ የሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ።»

እኔ ስንት ራት አብሬያት በልቼ እሷን ማመን አቅቶኝ ነበር። እሷ እኔን ለማመን ራሷን ካደች። ያኔ ተነፋረቅኩ፤ እንደ ልጅ፣ በአፍንጫዬም ጭምር። እታለም አሁን ያጠፈችውን ፎጣ አንስታ ሰጠችኝ።

«ይበላሻል» አልኳት።

«መልሼ አጥፈዋለሁ» አለች።

ሐሙስ

ሥራዋ ገባች። ኃላፊው ራሳቸው ደውለው ነበር፤ አማቴ ስልኩን አንስተው «ማን ልበልላት?» ብለው ሦስቴ ስማቸውን አስደገሟቸው። ሆን ብለው ነው።

የበረንዳውም ነገር ወጣ። በስልክ የምታወራው ከወደደችው ሰው ጋር ኖሯል፤ የሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ባሌ እንደ ሰማ «እንዴት ነው አነዳዱ?» አለ፣ ሌላ ጥያቄ የለውም። አማቴ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። «ለምን አልነገሩንም?» ስላቸው «እኔ አገናኛለሁ እንጂ አላወራም» አሉኝ።

ባሌ ሻይ አመጣልኝ። ስኳር አለው፣ እንዲያውም በዝቷል።

ሰኞ

ጣሪያው ተጠገነ፣ እኔ ግን ማዶው ክፍል ቀረሁ፣ መስኮት አለው። አዲሱን አነፍናፊ ዛሬ ተከልን። አንድ አዲስ መሞከሪያ ጨምሬበታለሁ፤ ወደ ማሽኑ ይልክና አንተ ማን ነህ ብሎ ይጠይቀዋል፣ መልሱ ካነበበው ጋር ካልገጠመ ወደፊት አይሄድም። ስሙን «እማዬ» አልኩት። ይደርሳል ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ይደርስሃል አልኩት።

ከሰዓት በኋላ የዕለቱ ሪፖርት ወጣ። ከመክፈቴ በፊት እታለም ጋ ደወልኩ።

«የኮምፒውተርሽን አድራሻ አንብቢልኝ እስቲ፣ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።»

ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። «አሥር» አለች። «ሃያ። ሠላሳ። ስምንት።»

«አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስምንት» አልኳት።

«ልክ ነው። ምነው፣ ደግሞ ምን አደረግኩ?» ትስቃለች።

«ምንም። ሪፖርቱን ገና አላየሁትም። ዛሬ ከማሽንሽ ወደ ውጭ የላክሽው ነገር አለ?»

«የለም» አለች። አላመነታችም። ድምፅዋን ከድሮ ጀምሮ ነው የማውቀው።

አመንኳት፤ እሺ አልኳትና ስለ ራት አወራን። ሪፖርቱን የከፈትኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።